የድሮ ዘፈን ሰዓት ላይ ማስታወቂያ ማስነገር አያዋጣም እንዴ?

ባለ መነጽሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ አካባቢ ትንሽ መነጽር ቤት አለኝ። በብዛት የምሸጠው የማንበቢያ ነው። ደንበኞቼ መልእክት ለማንበብ ስልኩን በክንዳቸው ልክ የሚያርቁ ሰዎች ናቸው። አንድ ኤፍኤም ቅዳሜ ጠዋት የጥላሁንን፣ የብዙነሽን፣ የሂሩትን ዘፈኖች ያጫውታል። ሱቅ ውስጥ ስከፍተው የገባው ሰው ሁሉ መነጽሩን ይዞ ቆሞ ያዳምጣል። እዚያ ሰዓት ላይ ላስነግር ብዬ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። የሽያጭ ሠራተኛው «የኳስ ሰዓት ይሻልሃል፣ የትዝታ አድማጭ አይገዛም» አለኝ። የእኔን ዕቃ የሚገዛው እሱው አይደለም እንዴ? ምን ትመክሩኛላችሁ?

የድሮ ማስታወቂያ ሠሪ፦
ወንድሜ፣ ልጁ ከራሱ አላመጣውም። ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። ትልልቁ ገንዘብ ከቢራ ነበር፤ ቢራ ደግሞ ወጣት ነው የሚፈልገው። በ2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተከለከለ። ገንዘቡ ሄደ፣ ልማዱ አልሄደም። በእኔ ጊዜ አድማጩን በዕድሜ ለይቶ የሚያሳይ ወረቀት አልነበረንም። በግምት ነበር የምንሸጠው።

ታክሲ ነጂ፣ ኒው ዮርክ፦
እዚህማ በግልጽ ነው። ብዙ ማስታወቂያ ገዢዎች የሚፈልጉት ከ25 እስከ 54 ዓመት ያለውን ነው። 55 ከሞላህ አትቆጠርም። ደብሊውሲቢኤስ ኤፍኤም 101.1 የታወቀ የድሮ ዘፈን ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2005 በአንድ ቀን ቀየሩት። የለመድናቸው አቅራቢዎች ወጡ። ሐምሌ 2007 ላይ ወደ ድሮው ዘፈን ተመለሰ፤ ግን የእ.ኤ.አ. 1950ዎቹን ዘፈን ቀንሰው ነው። አሁንም ያው የዕድሜ ነገር!

እማማ ጡረተኛዋ፦
ልጄ፣ «አይገዛም» ያለህ ልጅ የቤታቸውን አስቤዛ ማን እንደሚገዛ እናቱን ይጠይቅ። የደም ግፊት መለኪያውን፣ የልጅ ልጆቼን ጫማ፣ ለቤት ማደሻ ሲሚንቶውን ሳይቀር የምገዛው እኔ ነኝ። ልጄ ከውጭ የምትልከውም በእጄ ነው የሚያልፈው። ሙሉቀንን እየሰማሁ ቡና ስቆላ ድንገት ጩኸት የበዛበት ማስታወቂያ ይገባል። ያኔ ድምፁን እቀንሰዋለሁ። አንተ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ፈልግ። ሱቁ ደረጃ እንዳለው ይናገር፤ ጉልበቴን ያመኛል። ስልክ ቁጥሩን ሁለቴ ይድገመው፣ እስክሪብቶ እስካነሳ ድረስ።

ባለ መነጽሩ፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደረጃ የለውም፣ ከመንገዱ እኩል ነው፤ መቀመጫም አለ። ሰኞ ጣቢያው ተመልሼ እሄዳለሁ። ለአንድ ወር ቅዳሜን ብቻ እገዛለሁ። የገባውን ሁሉ የት እንደሰማና ዕድሜውን ጠይቄ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። የጠፋው ወረቀት እሱ ከሆነ፣ ወሩ ሲያልቅ ለሽያጭ ሠራተኛው ይዤለት እሄዳለሁ።