ሐይቁም የከሰዓት ፀሐዩም በምዕራብ ሲሆኑ፦ የስቱዲዮ ፕሮጀክትና የኢንተርንሺፕ ፖርትፎሊዮ ጥያቄ (ሐዋሳ)

ጥያቄ፦ የሐይቅ ዳር ተማሪ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ሐዋሳ የምማር የ4ኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። የዚህ ሴሚስተር ፕሮጀክቴ ሐይቁ አጠገብ ያለ ጂ+4 ቅይጥ ሕንፃ ነው። ምድር ላይ ካፌና ሱቅ፣ 1ኛና 2ኛ ፎቅ ቢሮ፣ 3ኛና 4ኛ አፓርታማ። ቦታው 22 በ36 ሜትር ሲሆን ጠባቡ ጎን በምዕራብ ሐይቁን ያያል። ቤዝመንት ፓርኪንግ አለው፣ ኮለምኖቹ (ምሰሶዎቹ) በሁለቱም አቅጣጫ በየ5 ሜትሩ ናቸው፣ የፎቁ ከፍታ 3.20፣ የምድሩ 3.80 ነው።

ባለፈው ክሪት (መምህራን ሥራውን የሚተቹበት ግምገማ) ላይ አራት ነገር ተባልኩ። የምዕራቡ መስታወት ሙሉ በሙሉ መሆኑ ከሰዓት ሰው አያስቀምጥም፤ ደረጃው ለመውጣት ይከብዳል (በየፎቁ 16 እርከን ነው የሰጠሁት)፤ በኮለምኖቹ መሀል ሁለት መኪና አይገባም፤ ቤዝመንቱን ደግሞ እንደገና አስቢበት። ለመጨረሻው ጁሪ (የማጠቃለያ ግምገማ) 3 ሳምንት ቀርቶኛል።

ከዚያ በኋላ ኢንተርንሺፕ ስለምወጣ ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። ፖርትፎሊዮው ምን ይያዝ? ቢሮ ስገባስ መጀመሪያ የሚሰጠኝ ሥራ ምንድነው? 3ዲ ላይ ደህና ነኝ፤ ዎርኪንግ ድሮዊንግ (የግንባታ ሥዕል) ላይ ግን ደካማ ነኝ።

መልስ፦ ጥላ ቆጣሪ

እህቴ፣ ከፀሐዩ እንጀምር፤ የሕንፃሽን መልክ የሚወስነው እሱ ነውና። ሐዋሳ በ7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ በደቡብም በሰሜንም ትመጣብሻለች። ታኅሣሥ 12 ገደማ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል 60 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ ሰኔ 14 ገደማ ደግሞ በሰሜን በኩል 73 ተኩል ያህል። ከፍታው 1.50 ለሆነ መስኮት የጥላውን ጥልቀት 1.50ን ለማዕዘኑ ታንጀንት በማካፈል ታገኚዋለሽ። ደቡቡ 88 ሳ.ሜ. ይመጣል፣ 90 አድርጊው። ሰሜኑ 44 ሳ.ሜ. ስለሆነ 45 ይበቃል። ሁለቱንም ጎን እኩል 60 አድርገው የሚስሉ ብዙ ናቸው፤ እንዲያ ሲሆን ደቡቡ ይጋለጣል፣ ሰሜኑ ላይ ደግሞ አርማታ በከንቱ ይባክናል።

ምዕራቡ ሌላ ነገር ነው። እዚያ አግድም ጥላ ብቻውን አያድንሽም። መጋቢት አጋማሽ ላይ ከሰዓት 10 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ 36 ዲግሪ ገደማ፣ 11 ሰዓት ላይ 21 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። 1.80 ሜትር ጥልቀት ያለው ባልኮኒ ከሶሌታው ጠርዝ ወደ ታች በ10 ሰዓት 1.30 ሜትር ይሸፍናል፤ በ11 ሰዓት ግን 70 ሳ.ሜ. ብቻ። ከዚያ በኋላ የሚያግዝሽ በባልኮኒው የውጭ ጠርዝ ላይ በሐዲድ የሚንሸራተት የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ሉቨር (ጠባብ ቅጠሎች የተደረደሩበት መከለያ) ነው። ቋሚ ቀጥ ያለ ፊን (ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚወጣ ጠፍጣፋ ጥላ) አትመኚ፤ በመጋቢትና በመስከረም ፀሐይ የምትጠልቀው በቀጥታ ምዕራብ፣ ፊት ለፊትሽ ስለሆነ በፊኖቹ መሀል ሰተት ብላ ትገባለች። ፊኑን ብታዘነብዪው እይታውም አብሮ ይዞራል።

እንግዲህ እይታውን ለሚያስፈልገው ስጪ። 3ኛና 4ኛ ላይ የአፓርታማዎቹ ሳሎን ሐይቁን ይይ። ቢሮዎቹ ግን በሰሜንና በደቡብ ይከፈቱ፤ በምዕራብ በኩል የስብሰባ ክፍል፣ ፎቶኮፒና መጸዳጃ ይቀመጥ። ካፌውን ዛፍ ይጠብቅልሽ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በኩል ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር በ10 ሰዓት ቁጭ ብለሽ ብታዪ፣ ወደ ሐይቁ ያለው እይታ ከግንዱ በላይ ሳይሆን በግንዶቹ መሀል፣ በዓይን ቁመት እንደሆነ ትረጃለሽ። ያንን በሴክሽንሽ (ሕንፃው ተቆርጦ በሚታይበት ሥዕል) ላይ ሳዪው። የሕንፃሽ ጠባብ ጎን በምዕራብ መሆኑ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው፤ ቦታው ቢገለበጥ ኖሮ ችግርሽ እጥፍ ይሆን ነበር።

መልስ፦ ቢምና ኮለምን

ቤዝመንቱን አውጪው። የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ ደረጃው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዳር ላይ ያለው የከርሰ ምድር ውኃም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ውኃው ከቤዝመንት ወለልሽ በ1 ሜትር ቢበልጥ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ወለል በ1 ቶን ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ያንን ለመቋቋም ወፍራም ሶሌታ፣ ዙሪያውን የውኃ መከላከያ ሥራና በግንባታ ጊዜ ያለማቋረጥ የሚሠራ ፓምፕ ያስፈልጋል። ለ6 መኪና ይህ ሁሉ አያዋጣም።

መኪናውን ምድር ላይ ከሱቆቹ ኋላ አስገቢው። አንድ መኪና 2.50 በ5.00፣ መሀል መተላለፊያው 6.00 ሜትር ያዢ። በ5 ሜትር ግሪድ 50 ሳ.ሜ. ኮለምን ሲቀነስ 4.50 ስለሚቀር ሁለት መኪና አይገባም፣ የተባልሽውም ይሄንኑ ነው። በርዝመቱ 5.50 አድርጊው፤ ንጹሕ 5.00 ታገኛለሽ። በወርዱ 5.00፣ 6.50፣ 5.00 አድርጊ፤ የመሀሉ 6.50 ኮለምን ተቀንሶ 6.00 ይሆናል። ሕንፃሽ 16.50 በ22 ሜትር፣ በርዝመቱ አራት ክፍል ሆነ ማለት ነው። የፊቱ ሁለት ክፍል ለሱቅና ለካፌ፣ የኋላው ሁለት ክፍል ለ8 መኪና፤ ደረጃና ሊፍቱ አንዱን ክፍል ሲወስድ 6 መኪና ይቀራል። በፊት በኩል መግቢያው 4 ሜትር ይበቃዋል፤ ከ6 ሜትሩ የቀረው 2 ሜትር ለሰው መግቢያ ይሁን። ላይም ይጠቅምሻል፤ 5.50ው መኝታ 3.40 እና መታጠቢያ 1.90 ሆኖ ይከፈላል፣ የቀረው 20 ሳ.ሜ. የግድግዳው ውፍረት ነው።

አሁን የምጽፈውን ግን በጥሞና አንብቢው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። ምድሩ ክፍት ፓርኪንግ ሆኖ ላዩ በብሎኬት ግድግዳ ከታጨቀ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ላዩ እንደ አንድ ሣጥን ይሄዳል፣ መታጠፉ ሁሉ ምድር ላይ ባሉት ኮለምኖች ላይ ይወድቃል። ሕንፃው የሚወድቀውም በዚያ ነው። መፍትሔው የሊፍቱን ዙሪያ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ሳይቋረጥ የሚወጣ የአርማታ ግድግዳ ማድረግ ነው። ያንቺ ሊፍት በአንድ ጎን ስለሚሆን ሕንፃውን እንዳያጣምመው በተቃራኒው ጎን ሌላ የአርማታ ግድግዳ አስቀምጪ።

ሌላው ስሕተት ፓርኪንጉን ለማናፈስ በኮለምኖች መሀል እስከ ወገብ ብሎኬት ገንብቶ ላዩን ክፍት መተው ነው። ግድግዳው ኮለምኑን እስከ ግማሹ ስለሚይዘው ነፃ ሆኖ የሚታጠፈው ላይኛው አጭር ክፍል ብቻ ይሆናል፤ አጭር ኮለምን ደግሞ አይታጠፍም፣ ይቆረጣል። ወይ እስከ ላይ ገንቢው፣ ወይ ከኮለምኑ በክፍተት አላቅቂው፣ ወይ በብረት ፍርግርግ ተኪው።

መልስ፦ እርከን

ደረጃው አጭር መልስ አለው። 3.20 ለ16 ሲካፈል እያንዳንዱ 20 ሳ.ሜ. ነው፣ ለዚህ ነው የከበደው። 20 እርከን አድርጊው፤ 16 ሳ.ሜ. ይሆናል። መርገጫው 30 ይሁን። ሁለት ጊዜ 16 ሲደመር 30፣ 62 ነው፤ ከ60 እስከ 65 ባለው ውስጥ ስለሆነ እግር ይቀበለዋል። በሁለት ወገን 10 እና 10 ሲሆን በእያንዳንዱ 9 መርገጫ አለ፣ 2.70 ሜትር። ከላይና ከታች 1.20 ላንዲንግ (የደረጃ ማረፊያ) ሲጨመር 5.10፤ በ5.50 ክፍል ውስጥ ግድግዳው ተቀንሶ ይገባል። ስፋቱ ሁለት ጊዜ 1.20 እና የመሀል ክፍተት 15 ሳ.ሜ.፣ 2.55 ነው። ከጎኑ ለሊፍት 2 ሜትር ያህል ይተርፍሻል፤ የጉድጓዱን ልክ ግን ከአቅራቢ ካታሎግ ላይ ውሰጂ።

ምድሩን 3.80 ሳይሆን 3.84 አድርጊው፤ በ16 ሳ.ሜ. ልክ 24 እርከን ይሆናል። ሰው ሁሉንም ፎቅ በአንድ ዓይነት እርምጃ ይወጣል፤ አንዱ እርከን በ2 ሳ.ሜ. እንኳ ከተለየ የሚያደናቅፈው እሱ ነው።

የሐይቅ ዳር ተማሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። አንድ ነገር ተቸገርኩ። 24ቱን 12 እና 12 ሳደርገው 11 መርገጫ 3.30፣ ከሁለት ላንዲንግ ጋር 5.70 ሆኖ ከክፍሉ ወጣብኝ።

እርከን

እኩል አትክፈዪው። መጀመሪያው 14፣ ሁለተኛው 10 ይሁን። ሁለተኛው ወገን ከላይኞቹ ጋር አንድ ስለሚሆን የመሀል ላንዲንጉ ቦታ አይቀየርም። የመጀመሪያው 13 መርገጫ 3.90 ነው፤ ከ2.70 በላይ የሆነው 1.20 ወደ ውጭ ይገፋል፣ ግን ምድር ላይ ሎቢው ራሱ ላንዲንግ ስለሆነልሽ ችግር የለም። ጭንቅላት እንዳይነካ በሴክሽን ላይ ፈትሺ፤ ከእርከኑ ጫፍ እስከ ላይኛው ሶሌታ ሥር ከ2.10 እንዳያንስ። እዚህ ብዙ ይተርፋል።

መልስ፦ የድሮዊንግ ቤት

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ፖርትፎሊዮሽ ኤ4 በአግድም፣ ከ15 እስከ 20 ገጽ፣ ከ10 ሜጋባይት ያነሰ ፒዲኤፍ ይሁን፤ በቴሌግራም የሚከፍተው ሰው በስልኩ ነው የሚያየው። ሦስት ፕሮጀክት ይበቃል። በእያንዳንዱ ላይ ፕላንና ሴክሽን ከሬንደሩ (እንደ ፎቶ ከሚታየው የ3ዲ ምስል) ቀድሞ ይቅረብ። የቡድን ሥራ ከሆነ የትኛውን ክፍል አንቺ እንደሠራሽ ጻፊ፤ ሳይጻፍ ቀርቶ በቃለ መጠይቅ ሲጠየቅ መመለስ ካልተቻለ ሌላውም ሥራ ይጠረጠራል።

ቢሮዎች የሚፈልጉት ግን ሬንደር አይደለም፣ ሬንደር የሚሠራ ሞልቷል። አንድ በጥንቃቄ የተሠራ የዝርዝር ገጽ ጨምሪ፤ ይህን ደረጃሽን በ1፡20፣ ወይም የባልኮኒውን ጠርዝ ከሉቨሩ ሐዲድ ጋር በ1፡10። መጀመሪያ የሚሰጥሽም ይሄው ነው፦ የበርና መስኮት ሰንጠረዥ፣ የመታጠቢያ ዝርዝር፣ የደረጃ ዝርዝር፣ የፊኒሺንግ ሰንጠረዥ።

መስኮት ላይ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው። ብሎኬቱ ሲገነባ የሚተወው ክፍትና የአሉሚኒየሙ ልክ አንድ አይደሉም። ልስኑ በየጎኑ 2 ሳ.ሜ. ሲወስድ 1.50 የነበረው 1.46 ይሆናል፤ ለፍሬሙ ማስገቢያ ደግሞ በየጎኑ 1 ሳ.ሜ. ትተያለሽ፣ ፍሬሙ 1.44 ነው። ሰንጠረዡ ላይ 1.50 ብቻ ተጽፎ ከሄደ አሉሚኒየም ሠሪው 1.50 ቆርጦ ይመጣል። ሁለቱንም ልክ ለየብቻ ጻፊ።

ከፍታውንም በብሎኬት አስቢ። ቁመቱ 20 ሳ.ሜ. የሆነ ብሎኬት ከነሞርታሩ 21 ነው። ከ3.20 ላይ 45 ሳ.ሜ. ቢም ሲቀነስ 2.75 ይቀራል፤ 13 ረድፍ 2.73 ስለሆነ ሳይቆረጥ ይዘጋል። በ6.50ው በኩል ቢሙ 55 ቢሆን 2.65 ይቀራል፤ 12 ረድፍ 2.52 ሆኖ 13 ሳ.ሜ. የተቆረጠ ብሎኬት ይገባል። በካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት ብለሽ ብታሰቢ ስብራቱንም ይሸፍናል።

የመስመር ውፍረት፦ የተቆረጠ 0.50 ሚ.ሜ.፣ የሚታይ 0.25፣ ልኬት 0.18፣ ሀች (የመሙያ ሰረዝ) 0.09። ሀቹ ከግድግዳው እኩል ከጠቆረ ፕላኑ አይነበብም፤ ብዙ የተማሪ ሥራ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሳይት ፕላንሽ ላይ ደግሞ ሴፕቲክ ታንክ አልጠቀስሽም። ከ36 ሜትሩ 14 ሜትር ስለሚተርፍሽ መምጠጫ መኪናው ሊደርስበት በሚችል በኩል አስቀምጪው፣ ከካፌው መቀመጫ አርቂው። ሕንፃው በወርዱ ሲያርፍ በየጎኑ 2.50 ያህል ይቀራል፤ ለመስኮት የሚፈቀደውን ርቀት ከማዘጋጃ ቤት ጠይቀሽ አረጋግጪ።

የሐይቅ ዳር ተማሪ

ሴፕቲኩን ረስቼው ነበር፣ ዛሬ አስገባዋለሁ። ስለ ኅትመትስ? ባለፈው 1፡100 ብዬ የላክሁት ሲለካ አልገጥም አለ።

የድሮዊንግ ቤት

ማተሚያ ቤቱ «ወረቀቱን ሙላ» የሚለውን ምርጫ ሳያጠፋ ስለሚያትም ነው። ራስሽ ከኦቶካድ በኤ1፣ 594 በ841 ሚሊሜትር፣ ፒዲኤፍ አውጪና በትክክለኛ ልኩ እንዲታተም ንገሪያቸው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የ5 ሜትር ስኬል ባር ሳዪ፤ በ1፡100 ሲታተም በማስመሪያ 5 ሳ.ሜ. መሆን አለበት። ሁሉንም ከማሳተምሽ በፊት አንዱን ገጽ አሳትመሽ እዚያው ለኪው። 22 ሜትሩ በ1፡50 44 ሳ.ሜ. ስለሆነ ዋናውን ፕላን በ1፡50 በኤ1 ላይ ማውጣት ትችያለሽ፤ ጁሪው ደረጃሽን ከሩቅ የሚያነበው በዚህ ስኬል ነው። ለኅትመት ከጁሪው በፊት ሁለት ሙሉ ቀን ያዢ፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ሰልፍ ቢበዛ እንዳትያዥ።

ጥላ ቆጣሪ

አንድ ልጨምር። የፀሐዩን ማዕዘን በሴክሽንሽ ላይ በመስመር ሳዪው፣ ታኅሣሥን፣ ሰኔንና የመጋቢትን የከሰዓት 10 እና 11 ሰዓት፣ ዲግሪውን ከጎኑ ጽፈሽ። ሉቨሩን አንድ ጊዜ ክፍት፣ አንድ ጊዜ ዝግ አድርገሽ በምዕራቡ ኤሌቬሽን (የውጭ ገጽታ ሥዕል) ላይ አሳዪ።