«በትርህና ምርኩዝህ ያጸናኑኛል»፦ ዱላ እንዴት ያጽናናል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምትወዱትን መዝሙር እያነሣችሁ ቃሉን ስትፈቱ ሳነብ ከረምኩ። ዛሬ የእኔን ይዤ መጣሁ።

የምወደው መዝሙረ ዳዊት 23ን ነው። እናቴ ሊጥ ስታቦካ በራሷ ዜማ ታንጎራጉረው ነበር። «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ይቆማል። ከዚያ «በትርህና ምርኩዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል» ብላ ማቡካቷን ትቀጥላለች።

አሁን ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ልጄን ሳስተኛ እኔም እሱኑ እልላታለሁ። ባለፈው ሳምንት አቋረጠችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «እማዬ፣ በትር ዱላ አይደል? ዱላ እንዴት ያጽናናል? ዱላ ያማል እንጂ።» እረኛው በዱላው ጅብ ያባርርበታል አልኳት። እሱ ገባት። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ማጽናናት ማለት ማባበል፣ እንባ ማበስ አይደለም እንዴ? ታዲያ ቃሉ ከዱላ ጋር ምን አገናኘው?

ቃል ለቃሚ፦
እህቴ፣ ልጅሽ ጣቷን ያሳረፈችው ትክክለኛው ቃል ላይ ነው። «አጽናና» ከ«ጸና» የወጣ ነው። ግእዙ «ጸንዐ» ይላል፤ በረታ፣ ጠነከረ ማለት ነው። ሥሩን ብትቆፍሪው እንባም ማባበልም አታገኚም። የምታገኚው ጥንካሬ ነው።

እኔን ደስ የሚለኝ አማርኛ ቃሉን የሠራበት መንገድ ነው። ከረጋ አረጋጋ። ከበረታ አበረታታ። ከጸና አጽናና። ሦስቱም ላይ አንድ ፊደል ትደገማለች። ወተት በአንድ ሌሊት ይረጋል። የደነገጠ ሰው ግን በአንድ ቃል አይረጋም። አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ ደጋግመው፣ ቀስ በቀስ ነው የሚያረጋጉት። የመዝሙር አዝማችም ሥራው ይኸው ይመስለኛል። አንዲት ስንኝ አሥር ጊዜ ትዘመራለች። እኔ ልቤ ውስጥ የምትገባው ስምንተኛው ዘጠነኛው ላይ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦
«ጤና»ስ ከዚሁ ነው? ጸና፣ ጠና፣ ጤና... ይመሳሰሉብኛል።

ቃል ለቃሚ፦
«ጠና» አዎ። ጸሎትን ጠሎት፣ ጾምን ጦም እንደምንለው ነው። «በዕድሜ ጠና ያለ ሰው» ስትል ያው ጸናን እየተናገርክ ነው። «ጤና» ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። ዳነ፣ ተሻለው ከሚለው ከ«ጥዕየ» «ጥዒና» ተብሎ ነው የመጣው።

የዳዊት ደጋሚ፦
ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን መቋሚያ ዘወር ብዬ አየሁት። በሩ ጥግ ቆሟል።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ። ለቅሶ ቤት ገብተን ስንወጣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንላለን። «አታልቅሱ» አላልንም። ሐዘንተኛ ያልቅስ። የምንለምንለት በሐዘኑ እንዳይወድቅ ነው። ግእዝ ለማጽናናት «ናዘዘ» የሚል ሌላ ቃልም አለው። አማርኛ ከእሱ ኑዛዜን አወጣ። ለንስሐ አባት የሚነገረውም፣ ሰው ሲሞት ለልጆቹ የሚተወውም ኑዛዜ ነው። በልብ የታመቀ ነገር ሲወጣ ሰው እንደሚጽናና የቀድሞ ሰዎች አውቀውታል።

አሁን ወደ በትሩ። እኛ ጋ «ማኅሌት ዘመረ» ብቻ አይባልም፤ «ማኅሌት ቆመ» ይባላል። መቆሙ ራሱ የዝማሬው አካል ነው። ሌሊቱ ረጅም ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጉልበት ይከዳል፣ ወገብ ይንቀጠቀጣል። ያኔ የመቋሚያውን ራስ ብብትህ ሥር ታስገባና ክብደትህን ትሰጠዋለህ። ስሙም ከቆመ ነው የወጣው፤ የሚቆሙበት ማለት ነው። የእኔ ራሱ ላይ ያለው እንጨት በእጅ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ጫፉ ደግሞ ወለል እየመታ ተበልቷል።

ዝማሜ ሲጀመር ያው የተደገፍነው እንጨት ከዜማው ጋር ይነሣል፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል፣ ወለል ይመታል። ያቆመን ነገር አብሮን ያመሰግናል ማለት ነው። እኔ «ምርኩዝህ ያጸናኑኛል» የሚለውን የምሰማው እንዲህ ነው። ምርኩዝ የሚመረኮዙት ነው። ሰው የሚመረኮዘው ሊቆም ሲፈልግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ መዝሙር በግእዙ ዳዊት 22ኛው ነው። መጀመሪያው «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» ይላል። በዐይኑ «ዐ» ሲጻፍ ይጠብቀኛል፣ እረኛ ይሆነኛል ነው። ብዙ ቦታ ግን በአልፋው «አ» ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ያኔ ያየኛል ይሆናል። ፊደል ጠንቃቆች ይቆጡበታል፤ ልክም ናቸው። እኔ ግን ዳዊቴን ስደግም ሁለቱንም አስባለሁ። የማያይ እረኛ አይጠብቅማ።

የመርካቶ ልጅ፦
አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉትን ሳነብ አንድ ነገር መጣብኝ።

አባቴ የታመመ ጊዜ 11 ቀን አንድ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። በሩ ላይ «ጽኑ ሕሙማን ክፍል» ይላል። ቃል ስለምወድ ይሁን ጭንቀት ይሁን አላውቅም፣ ያችን «ጽኑ» ሺህ ጊዜ አነበብኳት። ሕመሙ የበረታበት ማለት ነው። ፍርድ ቤት «ጽኑ እስራት» ሲል ያው ናት። ኦሪት ዘፍጥረት 12 ላይም አብራም ወደ ግብፅ የወረደው «በምድር ራብ ጸንቶ ነበርና» ነው። ክፉውም ይጸናል ማለት ነው።

አጠገቤ ነጠላቸውን ያጣፉ አንድ እናት ነበሩ። ልጃቸው ውስጥ ነው። ቀስ ብለው ያንጎራጉራሉ፤ ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ ይሰማል። ስድስተኛው ቀን ላይ ወደ እኔ ዞረው «አይዞህ የኔ ልጅ፣ በሽታው ቢጸና እኛም እንጸናለን» አሉኝ። በሩ ላይ ያለችውን ቃል ከእኛ ጎን አመጧት። ሁለቱም በሽተኞቻችን ወጡ፣ ተመስገን። የእሳቸውን ስም እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

የኳየር ልጅ፦
እኔ ከወንጌላውያን ቤት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በመዝሙር ውስጥ «አቤንኤዘር» ስንል የሰው ስም ይመስለኝ ነበር። ዕብራይስጥ ነው፤ የእርዳታ ድንጋይ ማለት ነው። 1ኛ ሳሙኤል 7 ላይ ሳሙኤል ድንጋይ አቁሞ «እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል» ያለበት ነው። ያስገረመኝ ግን የቃሉ ግማሽ የእኛም መሆኑ ነው። በግእዝ ድንጋይ «እብን» ነው። እብነ በረድ የምንለው ከዚያ ነው፤ እብነ አድማስም እንዲሁ። አሁን አንድ ባንክ ደረጃ ላይ እብነ በረድ ስረግጥ መዝሙሩ ትዝ ይለኛል። እዚያ ቃል ውስጥ «እስከ አሁን ድረስ» የሚለውን ነው የምወደው። ስለ ነገ ምንም አላለም፤ ዛሬ ድረስ የመጣንበትን ድንጋይ አቆመለት።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኳየሯ እህቴ፣ «እስከ አሁን ድረስ»ን ለራሴ ወስጃለሁ። አባቴ፣ እርስዎ ስለ መቋሚያ የጻፉትን ለልጄ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። «ማኅሌት ቆመ» የሚለውን መተርጎም አቅቶኝ ተነሥቼ ቆሜ አሳየኋት። ከዚያ ስልኬ ላይ የመቋሚያ ፎቶ ፈልጌ ሰጠኋት። ሥዕሉን አተለቀችው፣ ራሱን አየችው፣ ብብቷ ሥር እንዳስገባ ሰው ትከሻዋን ከፍ አደረገች።

«እማዬ፣ ይኼ እኮ ዱላ አይደለም። ክራንች ነው!» አለችኝ።

«ምርኩዝ ማለት እሱ ነው» አልኳት። «በይ አሁን ከመጀመሪያው እንበለው» አለችና ብርድ ልብሷን ሳበች።