አስቸኳይ፦ የክፍል አለቃዋ ልጅቷን በር ድረስ ወስዳ ለማታውቀው ሰው ልታስረክብ ነበር

የ2ኛ ቢ መምህርት
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት 2፡00 ሰልፍ ላይ ልጆቹ ፊት መቆሜ ነው፤ ምን እንደምላቸው ጨንቆኛል። ዛሬ በምሳ ሰዓት አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ አለቃዬን «ሚጣ፣ እከሊትን ጥሪልኝ፣ አጎቷ ነኝ፣ እናቷ ልካኝ ነው» አላት። እሷም ሮጣ ልጅቷን ከነቦርሳዋ ይዛ መጣች። ጥበቃው ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ነው ያገኛቸው። «ማን ነህ?» ሲለው ሰውየው «ደውዬ ልምጣ» ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አሁን አለቃዋ ትነሳ ተብሏል። ልጆቹ ራሳቸውን እንዲጠብቁ እንዴት ላስተምራቸው? ምክር ሳይሆን የሚሠራ ነገር ንገሩኝ በናታችሁ።

ሳተናው
የምስጢር ቃል። ወላጅና ልጅ አንድ ቃል ይስማሙ፤ ሊወስድ የመጣው ሰው ቃሉን ካላወቀ ልጁ አይሄድም። አለቀ።

የአራዳ ልጅ
የኛ ሰፈር ልጅ ቃሉን በግማሽ ሳንቡሳ ይሸጠዋል 😂

ጋሽ ጠመኔ
ነገሩ ከሥሩ ነው የተበላሸው። ዱሮ ልጅ የሰፈሩ ሁሉ ነበር፤ የጎረቤት ሰው ከመንገድ ይመልሰዋል፣ ይቆጣዋል፣ ያበላዋል። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤት ስም የማያውቅ ወላጅ ሞልቷል። ልጁም እንደዚያው። የ2ኛ ክፍል ተማሪን «የእናትህ ስም ማን ነው?» ብትሉት «እማዬ» ነው የሚላችሁ። ስለዚህ መምህርት፣ ከሁሉ በፊት የእናትና የአባታቸውን ስም እስከ አያት፣ የሰፈራቸውን መጠሪያና ቤታቸው አጠገብ ያለውን ምልክት አስጠኛቸው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ወፍጮ ቤት፣ የታክሲ ማዞሪያ፣ ያለውን። የቤት ቁጥር ዋጋ የለውም፤ በቤት ቁጥር ተፈልጎ የተገኘ ቤት እስካሁን አላየሁም። ልጅን ማክበርና መቅጣት ጎን ለጎን ካልሄዱ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው…

ቀይ እስክሪብቶ
ጋሼ መቅጣቱን ይተዉት፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል። መምህርት፣ አንቺ ደግሞ ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ስንት ልጆች ናቸው? በሩ ስንት ነው? ሰውየው የልጅቷን ስም ከየት አወቀ? ከሁሉም በላይ፣ እናቷ ሰምታለች ወይ?

የ2ኛ ቢ መምህርት
58 ናቸው፤ 7 እና 8 ዓመት። በሩ አንድ ነው። ስሟን ከየት እንዳወቀ አላውቅም፣ ቦርሳዋ ላይ በትልቁ ተጽፏል። እናቷ ገና አልተነገራትም፤ የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች «መጀመሪያ እናጣራ፣ ወላጅ እንዳይረበሽ» ብለዋል።

ቀይ እስክሪብቶ
ዛሬ ማታ ይነገራት። ሰውየው እውነተኛ አጎቷ ከሆነ በሁለት ደቂቃ ይጣራል። ካልሆነ ደግሞ ነገ ጠዋት ሌላ ቦታ ሊጠብቃት ይችላል፤ እናቷ ሳታውቅ ብቻዋን እንድትመጣ መፍረድ ነው። ኃላፊዎቹ እምቢ ካሉ በጽሑፍ አስታውቂያቸው።

ጥበቃውን አሁኑኑ ደውለሽ ጠይቂው፤ ነገ ይረሳዋል። ሰዓቱን፣ የለበሰውን፣ ቁመቱን፣ ያለውን ቃል በቃል፣ የሄደበትን አቅጣጫ፣ መኪና ወይም ባጃጅ ይጠብቀው እንደነበር ጻፊ። ያ ወረቀት ለአካባቢው ፖሊስ ይሰጥ፤ ሰውየው ዳግም ከታየ 991።

ሁለቱን ልጆች አንድ ሰው ብቻ፣ አንዴ ብቻ ያናግራቸው። «የሆነውን ንገሪኝ» በያትና ዝም በይ። «እጅሽን ያዘሽ? አስፈራራሽ?» ካልሻት የ7 ዓመት ልጅ አንቺን ለማስደሰት «አዎ» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ እውነቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ስምን ከቦርሳ ውጭ መጻፍም ይቅር። ውስጥ፣ ክዳኑ ሥር ይጻፍ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ባጅም ያው ነው። በስሙ የጠራውን ሰው ልጅ «ያውቀኛል» ብሎ ያምነዋል።

ሳተናው
ለዚህ እኮ ነው የምስጢር ቃል ያልኩት።

ተሟጋች
ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። «ልጆቹ ራሳቸውን እንዴት ይጠብቁ» ትያለሽ፤ የተከፈተው በሩ ነው! የ7 ዓመት ልጅ ዘበኛ አይደለችም። አለቃ ብላችሁ የሾማችኋት ጠመኔ ለማምጣት፣ ሻይ ለማዘዝ፣ ሰው ለመጥራት ነው። ትልቅ ሰው «ጥሪልኝ» አላት፣ ጠራች። ያስተማራችኋትን ነው የሠራችው፤ አሁን ደግሞ ልታወርዷት ነው።

ነገ የሚስተካከለው ይህ ነው። ጥበቃው ከበሩ ሲነሳ በሩ ይቆለፍ፣ ቁልፉ አብሮት ይሂድ። ልጅ የሚጠራው ከቢሮ በወጣ ትልቅ ሰው እንጂ በልጅ አይሁን። ሊወስድ የመጣ ሰው ስሙ ወላጅ ባስመዘገባቸው ሦስት ሰዎች ውስጥ ከሌለ ወደ ወላጅ ይደወል፤ ግን ልብ በሉ፣ የሚደወለው ሪከርድ ክፍል ፋይል ላይ ባለው ስልክ ነው። ሰውየው «ይኸው እናቷ መስመር ላይ ናት» ብሎ በሚያቀብለው ስልክ አይደለም። ብዙ ጥበቃ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የመውሰጃ ካርድ ብቻውንም አይበቃም፤ ካርድ ጎረቤት ለጎረቤት ይዋሳል።

የዩኒት ሊደሯ
በሩ ላይ ተሟጋች ትክክል ነው፤ መምህርቷ ግን ነገ የምትገባው ክፍል ነው፣ እሱን ልመልስ።

ሰልፍ ላይ ምንም አትበይ። በመቶ የሚቆጠር ልጅ ፊት ስለ ሌባ ብታወሪ ይዘው የሚመለሱት ፍርሃት ነው፤ ሁለቱ ልጆች ደግሞ መጠቋቆሚያ ይሆናሉ። ክፍልሽ ውስጥ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 20 ደቂቃ ይበቃሻል።

የምታስጠኚያቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ቆይ፣ ለመምህሬ ልንገር።» ውጭ ሲሆን «ቆይ፣ ለእማዬ ልንገር።» ሌላ ምንም አትጨምሪ። አምስት ሕግ ያስጠናሽው ልጅ ሲደነግጥ አንዱም አይመጣለትም።

ከዚያ ልምምድ። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር አስምሪ፤ በመካከላቸው ሁለት ሜትር ገደማ ይኑር፣ ማለትም ክንድሽን ብትዘረጊ ልጁን እንዳትነኪው። አንቺ ሰውየውን ሁኚ። አንድ እርምጃ ስትጠጊው ልጁ ፊቱን ሳያዞር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበል። ደግመሽ ስትጠሪው ዓረፍተ ነገሩን ይበል። በሦስተኛው ዞሮ ይሩጥና በሩ ላይ መምህር ሆኖ የቆመውን ልጅ ነክቶ «አንድ ሰው እየጠራኝ ነው» ይበል። አንዱ ልጅ ሩብ ደቂቃ አይፈጅም። አራት ረድፍ አድርጊያቸው፤ በሦስቱ ረድፎች ልጆቹ እየተቀያየሩ ሰውየውን ይሁኑ፣ አንቺም በየረድፉ እየዞርሽ ተጫወቺ።

የሚበላሸው የት እንደሆነ ልንገርሽ። በመጀመሪያው ዙር ይሳቃል፤ ተያቸው። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን አንገታቸውን ደፍተው በሹክሹክታ ይሉታል፤ ለትልቅ ሰው እንዲህ ተናገሩ ተብለው ነዋ ያደጉት። መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ካልሰማ አልቆጠረም በይ። አንዳንዱ ደግሞ መጀመሪያ «እሺ» ያመልጠዋል፣ እግሩም ይከተላል። እሱን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሚው፤ እንዳታሳፍሪው።

ማባበያውን ቀያይሪ። ከረሜላ፣ ቡችላ፣ «ዳይሬክተሩ ልከውኝ ነው»፣ በመጨረሻ «እናትሽ ታማ ሆስፒታል ገብታለች፣ ቶሎ ነይ»። ከረሜላውን ሁሉም ያልፉታል። የእናት መታመም ላይ ግን ጎበዙ ሁሉ ይወድቃል። መልሱ ያው አንዱ ዓረፍተ ነገር መሆኑን በእግራቸው እስኪለምዱት ድገሚ።

እጁን የያዘው ሰው ካለስ? «እሪ» ብቻ አይበል፤ አላፊ አግዳሚው ልጁ አኩርፎ ያለቅሳል ብሎ ያልፋል። «አላውቀውም! አባቴ አይደለም!» ይበል፣ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ያገኘውን ነገር ይቀፍ፣ ቦርሳውን ይጣለው።

ጋሽ ጠመኔ
ልጅ ትልቅ ሰውን እምቢ እንዲል ማስተማር ግን ነገ ጣጣ አለው። ቤት ሄዶ አያቱ ውሃ አምጣ ሲሉት «ቆይ ለመምህሬ ልንገር» ሊል ነው?

የዩኒት ሊደሯ
😄 ጋሼ፣ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እምቢ የሚል ቃል የለም። ለዚህ ነው የተመረጠው። ልጁ ከእነ አክብሮቱ «ቆይ» ነው የሚለው። የታመነ ሰው መምህሯ እስክትመጣ ቢጠብቅ ምኑ ይጎዳል? የሚናደደው ሰውዬ ነው የሚያጠራጥረው።

የአራዳ ልጅ
ነገ ከረሜላ ይዤ ልምጣና በር ላይ ልፈትናቸው? በነፃ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ
በፍጹም። ወላጅ ሳይፈቅድ፣ ልጁ ልምምድ መሆኑን ሳያውቅ እንዲህ ያለ ፈተና አይደረግም። የወደቀው ልጅ የሚማረው «ሞኝ ነኝ» የሚል ብቻ ነው፤ ያለፈው ደግሞ ሁለተኛ የመጣውን እውነተኛ ሰው «ይሄም ፈተና ነው» ብሎ ይከተለዋል።

«የማታውቁት ሰው» የሚለውን አባባልም እንዳትጠቀሚ መምህርት። ልጅ የማያውቀውን ሰው አስቀያሚና ቡትቶ የለበሰ አድርጎ ነው የሚስለው። ያንቺው ሰውዬ ምናልባት ዘንጦ ነበር። ልጅን የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሰው ነው፤ እውነተኛ አጎትም ሊሆን ይችላል፣ ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች የሚነጣጠቁትም ልጅ አለ። ስለዚህ ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይሆን የጠየቀው ምን እንደሆነ ይታይ። «ሳትነግሪ ነይ» እና «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የተባለ ነገር ሁሉ በዚያው ቀን ይነገራል። በውስጥ ልብስ የሚሸፈን ሰውነትን መንካትም እንዲሁ፣ የነካው ማንም ይሁን ማን። የልደት ስጦታ ሌላ ነው፤ እሱ ዛሬ ቢደበቅ ነገ ይከፈታል።

እናት ዘ ሦስት
ስልክ ቁጥር በዜማ ይያዝላቸዋል። ዜሮ ዘጠኝ ወይም ዜሮ ሰባት ብሎ ጭብጨባ፣ ከዚያ የቀሩትን ስምንቱን ሁለት ሁለቱን እያሉ ማጨብጨብ። ሲያጠኑ ብቻ በቂ አይደለም፤ እየሮጡ፣ ከመሀል አስጀምራችሁ ጠይቋቸው። በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ ከመሀል ሲጠየቅ ይጠፋበታል።

ተመላሽ
ይቅርታ ከርዕስ ልውጣ፤ ከሰው በላይ የሚያስፈራኝ አስፋልቱ ነው። አንዳንድ መምህራን ከውጭ ቪዲዮ የተቀዳ «መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ» የሚል መዝሙር ያስዘምራሉ። እኛ አገር መኪና በቀኝ ስለሚሄድ ከእግረኛው አጠገብ የሚመጣው ከግራ ነው፦ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። 7 ሜትር አስፋልት በሰከንድ አንድ ሜትር ለሚራመድ ልጅ 7 ሰከንድ ይፈጃል። በ50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ሚኒባስ በዚያ ጊዜ 97 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሜዳችሁ ላይ 97 ሜትር ለክታችሁ አሳዩዋቸው፤ ሩቅ ነው የሚሉት ሚኒባስ ሩቅ አይደለም።

የ2ኛ ቢ መምህርት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቷ ደውያለሁ፤ አጎት የሚባል የላትም አለችኝ። ፖሊስ ጋ ልትሄድ ነው። አለቃዋንስ ምን ላድርግ? ከሰዓት ሙሉ ስታለቅስ ነበር።

የዩኒት ሊደሯ
አታውርጂያት። ልጆቹ ፊት ካወረድሻት ቀጣዩ አለቃ የሚማረው «ስህተት ከሠራሁ ልደብቅ» የሚል ነው፤ ይህ ከሰውየው የባሰ አደጋ ነው። ሥራውን ቀይሪው።

የበጥባጭ ስም መጻፍ ከነገ ይቅር። ስም የሚጽፍ አለቃ እርሳስና ዳቦ ጉቦ ይቀበላል፤ የሚመራ ልጅ ሳይሆን ትንሽ ፖሊስ ነው የምታወጪው። በምትኩ ቆጣሪ ትሁን። ከሰልፍ በኋላ፣ ከእረፍት በኋላ፣ ወደ ቤት ሊለቀቁ ሲሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ትቁጠርና ሰሌዳው ጥግ ላይ ትጻፍ፦ 58፣ 58፣ 57። ቁጥሩ ከጎደለ መምህሯን ማስቆም መብቷ ነው፤ አንቺ በወሬ መሀል ብትሆኚም። ከግቢ የሚመጣ «እከሌን ጥሪ» የሚል መልእክት ሁሉ መልሱ «መምህሬን ይጠይቁ» ነው።

ብቻዋን አትሁን፤ ሁለት ይሁኑ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ አንዱ ይቀየር። አዲሱን ነባሩ ያለማምደዋል። በዓመቱ ውስጥ ዝምተኞቹም ተራ ይደርሳቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ቆጠራ የማይስቱት እነሱ ናቸው።

ከቻልሽ ደግሞ ዳይሬክተሩን ለምኚያቸው። ነገ ለልምምዱ በሩ ላይ ይቁሙና «እከሊትን ጥሪልኝ» ይበሏት። እሷም «መምህሬን ይጠይቁ» ትበላቸው። እሳቸውም ክፍሉ ፊት «ጎበዝ» ይበሏት። ዳይሬክተርን ያስቆመች ልጅ በር ላይ ለሚቆም ሰው አትበገርም።

ለወላጅ ወረቀት ላኪ፣ አጭር ይሁን፦ «ልጅዎን የሚወስዱ ሦስት ሰዎች ስምና ስልክ ይላኩ። ከእነዚህ ውጭ ማንም አይወስድም። የሚለወጥ ካለ ቀድመው ለቢሮ ይደውሉ። ቤት ውስጥ ‹ቆይ፣ ለእማዬ ልንገር› የሚለውን ያለማምዱ።» ከዚያ በላይ ከጻፍሽ አይነበብም።

ተሟጋች
ቁልፉን ግን እንዳትረሱት።

ሳተናው
በወረቀቱ ላይ የምስጢር ቃልም ይጨመር።

የዩኒት ሊደሯ
ለ4ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ያውም አንዴ ጥቅም ላይ ከዋለ በዚያው ቀን ይቀየራል። የ2ኛ ክፍል ልጅ ምስጢር ማለት ለጓደኛ ብቻ የሚነገር ነገር ነው።

እናት ዘ ሦስት
መምህርት እንዴት ሆነ? ዳይሬክተሩ መጡ?

እናት ዘ ሦስት
ሁለት ቀን ሆነ እኮ፣ አሳሰብሽን።

ሳተናው
እኔ ያልኩትን ብትሞክር ኖሮ…

የአራዳ ልጅ
ሳተናው ያንተን ቃል አወቅነው፦ «የምስጢር ቃል» ነው 😂