አረጋዊ ወላጅን መጦር የማን ግዴታ ነው?

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት የመከራከሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ አረጋዊ ወላጁን የማይጦር ልጅ በሕግ ይገደድ ወይስ ዘመኑ ስለተለወጠ የመጦሪያ ተቋማት ይስፋፉ? አቋማችሁን ከነምክንያቱ አቅርቡ፤ ርግማኑን ግን ለሌላ ቀን አቆዩልን።

የሕግ ሰው፦
«ይገደድ ወይ» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ዛሬ የሌለ ያስመስላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከአንቀጽ 197 ጀምሮ ቀለብ ስለመስጠት ይደነግጋል፤ ግዴታውም በወላጆችና በተወላጆች እንዲሁም በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከል የተጣለ ሲሆን፣ ችግረኛ የሆነና ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር ያልቻለ ሰው ምግቡን፣ መጠለያውን፣ ልብሱንና ሕክምናውን ከእነዚህ ዘመዶቹ የመጠየቅ መብት አለው። ይሁን እንጂ ችሎት የምናየው የቀለብ ክርክር በአብዛኛው እናት ለሕፃን ልጇ ስትል አባትየውን የምትከስበት ነው። በብዙ ዓመት የጥብቅና ሥራዬ ልጃቸውን ለራሳቸው ቀለብ የከሰሱ እናት ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛዋም ከውሳኔው በፊት ክሱን አንስተዋል። የወለደ ሰው የወለደውን መክሰስ ያፍራልና፣ ሕጉ ባለመብቱ ራሱ እስኪመጣ መጠበቁ ነው ድክመቱ። ሲንጋፖር በ1995 እ.ኤ.አ.፣ ሕንድ በ2007 እ.ኤ.አ. ለወላጆች ቀለብ ራሱን የቻለ ሕግ አውጥተው፣ ጉዳዩ ከመደበኛው ፍርድ ቤት ውጪ በቀላል ሥርዓት እንዲታይ አድርገዋል። እኔም ይህንኑ መንገድ እደግፋለሁ።

የሶሲዮሎጂ መምህር፦
የሕግ ባለሙያው የተናገሩት ትክክል ነው፤ ግን ክርክሩ ዛሬ ባሉት አረጋውያን ላይ ብቻ ከቆመ ዋናው ነገር ያመልጠናል። የአውስትራሊያው የሥነ ሕዝብ ሊቅ ጆን ካልድዌል በምዕራብ አፍሪካ ባካሄዳቸው ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በእርሱ አመለካከት በነባሩ ቤተሰብ ሀብት የሚፈሰው ከልጅ ወደ ወላጅ ነው፤ ልጁ ከብት ይጠብቃል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ሲያድግም ይጦራል፤ ስለዚህ ብዙ መውለድ ድንቁርና ሳይሆን ስሌት ነው። ትምህርት ሲስፋፋና ልጅ ወጪ ሲሆን ግን ፍሰቱ ይገለበጣል፤ ወላጅ ለልጅ ይከፍላል፣ የሚወልደውም ጥቂት ይሆናል። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ልጆች በአገር ደረጃ በአማካይ 4.6፣ በአዲስ አበባ ግን 1.8 አድርጎ ገምቷል። ዛሬ የሚጦሩት አብዛኞቹ እናቶች ስድስትና ሰባት የወለዱ በመሆናቸው ከልጆቹ አንዱ ቢከፋ ሌላው ይደርሳል። ከ30 ዓመት በኋላ የሚያረጁት የከተማ ባልና ሚስት ግን አንድ ወይም ሁለት ልጅ ነው የሚኖራቸው፤ ያ ልጅ አግብቶ ከሆነ ከሁለት ወገን አራት ሽማግሌ ይጠብቀዋል፤ የሚኖረውም ምናልባት አንድ አልጋ በጭንቅ በሚይዝ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ችሎቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ያልተወለዱ እኅትና ወንድሞችን ሊፈጥር አይችልም።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ታልኮት ፓርሰንስ ለኢንዱስትሪ ዘመን የሚስማማው ባል፣ ሚስትና ልጆች ብቻ ያሉበት አነስተኛ ቤተሰብ ነው ማለቱን ተማሪዎቼ በቃላቸው ይይዙታል፤ በዚያ ሥዕል ውስጥ አያት የት እንደሚቀመጡ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ።

የጎጃም ልጅ፦
መምህር፣ ሁሉን በአዲስ አበባ አይለኩት እንጂ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ100 ሰው 84ቱ ገጠሬ ነበር። በእኛ አገር መጦር ከመሬት ተለይቶ አይታይም፤ ያረጀ ገበሬ ማረስ ሲያቅተው መሬቱን እኩል ያሳርሳል፣ አለዚያም ከልጆቹ ወይም ከዘመዶቹ ለአንዱ «ጡረኝና መሬቱን ውሰድ» ብሎ በስጦታ ወይም በኑዛዜ ያስተላልፋል። ሰውየው ካረፉ በኋላ ታዲያ «የጦርኋቸው እኔ ነኝ» የሚል ሰው ከልጆቹ ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል፤ ምስክር ይቆጠራል፣ ማን አጠባቸው፣ ማን አስታመማቸው ይባላል። ይህን የምለው ፍቅር የለም ለማለት አይደለም፤ ፍቅሩን ያቆመው ምሰሶ ሀብት እንደነበር ለማስታወስ ነው። መሬቱ ተሸንሽኖ ካለቀና ወጣቱ ከተማ ከገባ፣ ሽማግሌው ለመደራደሪያ የሚያቀርበው ነገር አይኖረውም።

የእድር ጸሐፊ፦
ወንድሞቼ፣ ሁሉንም ወደ ስሌት ማውረዳችሁ ቅር አሰኝቶኛል። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ቃል የምርት ድርሻ አልጠየቀም፤ ቁርኣንም በአል-ኢስራእ ምዕራፍ ወላጆችን «ኡፍ» እንኳ አትበሏቸው ይላል። ትልቁ ምርቃታችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ነው። ሆኖም አንድ የማፍርበትን ነገር ልናገር፦ ከምርቃቱ ሁለት ቃላት እድራችን የያዘው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን፣ የተወሰነውንም ገንዘብ እንሰጣለን፤ ያው ሰው በሕይወት ሳለ ሦስት ወር አልጋ ላይ ሲውል ግን በደንባችን አንድም ቃል የለም። አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ልጆችን መደገፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። እኛ ጋ ሐሳቡን ባነሣሁ ጊዜ «ለቀብር ያዋጣነው ለቀለብ አይውልም» ተብሎ ወደቀ።

ተቋምን በተመለከተ፣ በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ከጎዳና ያነሣቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ሁሉም ያውቃል፤ ሕዝቡም ይረዳዋል። ነገር ግን መጠጊያ ላጡ የተከፈተን በር፣ ልጆች ያሏቸው ሰዎች «እኛስ እናታችንን ብናስገባ» ብለው ሲያንኳኩት ማየት ያስደነግጠኛል።

ከሪያድ የተመለስኩ፦
እስካሁን የጻፋችሁት ሁላችሁም «ልጅ ይጦራል» ስትሉ ልጁ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን አንዳችሁም አላነሣችሁም። ወንድሞቼ ለእናታችን ገንዘብ ሰጥተዋል፤ አይወቀሱም። ገላዋን ያጠበቻት፣ ሌሊት ያገላበጠቻት፣ ለዚያም ስትል ሥራዋን የተወችው ግን ታናሽ እኅቴ ናት። እኔ ደግሞ በዚያው ጊዜ ሪያድ ውስጥ የሌላ ሰው እናት አጥብ ነበር። በደመወዜ የእናቴን መድኃኒት እገዛ ነበር፤ እጄ ግን ሌላ ቤት ነበር። አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር ይህን የእንክብካቤ ሰንሰለት ብላ እንደጠራችው ያወቅሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ አንዷ ሴት የሌላውን ቤተሰብ ለመንከባከብ ስትሄድ የእሷን ቤት ሌላ፣ ከእሷ የባሰች ድሃ ሴት ትይዘዋለች። በእኛ ቤት የሰንሰለቱ መጨረሻ እኅቴ ነበረች፤ ለእሷ የከፈላት ሰው የለም።

የሕግ ሰው የሚያወሩት ቀለብ በመደበኛነት የሚከፈለው በገንዘብ ነው። እናቴ ደግሞ ገንዘብ አልጎደላትም። ስለዚህ ጥያቄውን ልለውጠው፦ የምትጦረውን ሰው ማን ይጦራታል? ጀርመን ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባቋቋመችው የእንክብካቤ መድን ሥርዓት፣ በሽተኛ ዘመዱን ቤት ውስጥ የሚያስታምም ሰው የጡረታ መዋጮ ይከፈልለታል። እኅቴ አሁን 46 ዓመቷ ነው፤ የእሷ ሰባት ዓመት የትም አልተመዘገበም።

የሕግ ሰው፦
እኅቴ፣ ያነሡት ነጥብ ከእኔ ሐሳብ ይልቅ የሚከብድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል፤ ስለሚያስታምሙት ግን ዝም ይላል። የእኛ ጡረታ በ1955 ዓ.ም. በመንግሥት ሠራተኛ ጀምሮ ወደ ግል ድርጅት ሠራተኛ የደረሰው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱም የተመሠረቱት በደመወዝ ላይ ስለሆነ ገበሬዋም የቤት እመቤቷም ከውጭ ናቸው። የእኅትዎ ሰባት ዓመት ይቆጠር ቢባል የት ፈንድ ላይ ይቆጠራል፣ መዋጮውንስ ወንድሞችዎ ይክፈሉት ወይስ መንግሥት? ወንድሞችዎ ይክፈሉ ከተባለ፣ በቀለብ ድንጋጌው ሥር የሚያስታምመው ልጅ የዋለበት ጊዜ እንደ ተከፈለ ድርሻ ተቆጥሮ ሌሎቹ ልዩነቱን በገንዘብ እንዲያሟሉ ማድረግ ይቻላል ብዬ አስባለሁ። አንቀጹን በዚህ መልክ አርቅቄ ለማምጣት እሞክራለሁ፤ የእድሩም ጸሐፊ የወደቀባቸውን ሐሳብ በዚያው ቢያያይዙት እወዳለሁ።