ካገለገለ መኪና ውስጥ አልወጣ ያለ የሲጋራ ሽታ

ጥያቄ፦
ከሁለት ወር በፊት የገዛሁት ያገለገለ መኪና ብዙ ሲጋራ ሲጨስበት የኖረ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ላየው በሄድኩበት ቀን አየሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ በሮቹም ተከፍተው ስለቆዩ ምንም አልሸተተኝም። አሁን ግን ፀሐይ ላይ ውሎ በሩን ስከፍት ትናንት የተጨሰበት ይመስላል። መቀመጫዎቹንና የወለሉን ምንጣፍ ሁለት ጊዜ በሳሙና አሳጥቤያለሁ፤ መተርኮሻውንም አውጥቼ አጽድቻለሁ። የመኪና ሽቶ ብሰቅልበት ደግሞ ከሲጋራው ጋር ተደባልቆ ራስ የሚያዞር ሆነ። ትንሿ ልጄ አስም ስላለባት ነገሩ በጣም ያስጨንቀኛል። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ለጥቂት ቀናት ጠፍቶ የሚመለሰው ከየት ነው?

መልስ፦
ያጠቡት ከታች ነው፤ ጭስ ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። በመኪና ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ጭስ የጠጣው የጣሪያው ጨርቅ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ግን እርሱን ሳይነካ ያልፋል። ከጭሱ የሚቀረው ኒኮቲንና ሬንጅ መሰል ቅባት በጨርቁ፣ በፕላስቲኩና በመስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይጣበቃል፤ ሙቀት ሲያገኝ እንደገና ወደ አየሩ ይተናል። ፀሐይ ላይ ሲቆም የሚብሰውም ስለዚህ ነው። የፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል በነጭ ጨርቅ ይጥረጉትና ይመልከቱ፤ ጨርቁ ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ ከተለወጠ ጣሪያውም ያንኑ ተሸክሟል ማለት ነው።

ኒኮቲን የአልካሊ ጠባይ ስላለው አሲድ ሲያገኝ በውኃ በቀላሉ ይሟሟል። ስለዚህ እኩል በእኩል በውኃ የተቀጠነ ነጭ አቼቶ ለመስታወቱ፣ ለዳሽቦርዱና ለበሮቹ ፕላስቲክ ከሳሙና ቀጥሎ ጥሩ ይሠራል። አቼቶን ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አያገናኙ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ለጣሪያው ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ጨርቁ በስስ ስፖንጅ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ስለሆነ ውኃ ከበዛበት ወይም ጠንክሮ ከታሸ ተላቆ ይንጠለጠላል፤ እኔ በችኮላ አንዱን እንዲሁ አበላሽቻለሁ። ፈሳሹን ጣሪያው ላይ ሳይሆን በእጅ በያዙት ጨርቅ ላይ ይርጩ፤ በመጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ ሞክረው፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዙ በቀስታ ጫን ጫን ያድርጉ፤ ጨርቁ በቆሸሸ ቁጥርም ይለውጡት። የደኅንነት ቀበቶዎቹንም እስከ መጨረሻቸው ስበው በለስላሳ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ብቻ ያጽዷቸው።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ኤርኮንዲሽኑ ካልጸዳ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። አጫሹ የውስጡን አየር መልሶ በሚያዞረው አሠራር ሲነዳ ከኖረ፣ ጭሱ በእርጥቡ ማቀዝቀዣ ክፍል ላይ እየተላለፈ እዚያው ይጣበቃል። ኤርኮንዲሽኑ በተከፈተባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ሽታው የሚጎላ ከሆነ ምንጩ አንዱ እርሱ ነው። ለማቀዝቀዣው ክፍል በተሠራ አረፋ ማጽጃ ከታጠበ በኋላ የካቢን ፊልተሩ (ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው) በአዲስ ይተካ፤ ከሰል ያለበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ፊልተሩን ቀድሞ መለወጥ አዲሱን ማበላሸት ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መስታወቱን እንደተባለው ጠርጌ ጨርቁ የሻይ ቀለም ይዞ ሲወጣ ደነገጥኩ። አንድ የመኪና እጥበት ባለሙያ ግን ይህን ሁሉ ትቼ ኦዞን በሚያመነጭ ማሽን በአንድ ሰዓት እንዲያስወግድልኝ ሐሳብ አቅርቦልኛል። ልቀበለው?

መልስ፦
ከጽዳቱ በፊት አይቀበሉት። ኦዞን በአየሩና በላይኛው ገጽ ላይ ያለውን ሽታ ይሰብራል እንጂ የተጣበቀውን ቅባት አጥቦ አይወስድም፤ እንዲያውም ከኒኮቲን ጋር ሲዋሐድ ሳንባን የሚያስቆጡ ሌሎች ውሕዶች ይፈጥራል። ኦዞን ራሱም የአስም ሕመም ይቀሰቅሳል፤ ሲበዛ ደግሞ ላስቲክን ያደርቃል። ሁሉም ታጥቦ ጥቂት ሽታ ቢቀር እንኳ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከሰል የያዙ ከረጢቶችን መቀመጫዎቹ ሥር አስቀምጬ፣ በሮቹን በየቀኑ ከፍቼ ጥቂት ሳምንት መጠበቅን እመርጣለሁ። የልጅዎ መቀመጫ እዚያ መኪና ውስጥ ከርሞ ከሆነ ልባሱን አውልቀው ማጠብዎን አይርሱ።