ላንጋኖ ላይ ልጆቹን ማን ይጠብቅ? ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ለገና ከሁለት ጓደኞቼ ቤተሰቦች ጋር ላንጋኖ ልንሄድ ነው። በአንድ ላይ አምስት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የኔ ትንሹ ገና ሦስት። ማረፊያው ተይዟል፣ ቀብድም ተከፍሏል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ባለፈው ዓመት እዚያው ልጄ ከዓይናችን ጠፋ። ስድስት አዋቂዎች ነበርን። እኔ አባቱ ያየዋል ብዬ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ አባቱ ከኔ ጋር መስሎት ከሰል ያያይዛል። ሳገኘው ውሃው ደረቱ ላይ ደርሶ፣ አንድ እግር ጫማውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ላንጋኖን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ቢልሃርዚያ የለውም ተብሎ ይመረጣል እንጂ ውሃው ቡናማ ነው። እስከ ጉልበት ገብታችሁ እንኳ የራሳችሁን እግር አታዩም። ልጅ ቢሰምጥ ከላይ አይታይም።

አሁን በየግማሽ ሰዓቱ አንድ አዋቂ ስልኩን አስቀምጦ ልጆቹን ብቻ ይጠብቅ ስላቸው፣ ጓደኞቼ "አንቺ ደግሞ አታካብጂ፣ ሁላችንም እኮ አለን" አሉኝ። እኔ የምፈራው ይሄንኑ "ሁላችንም" የሚሉትን ነው። እንደ እህቶቼ ናቸው፤ ላስቀይማቸው አልፈልግም።

ከጓደኛ ጋር ልጆች ይዛችሁ ውሃ ዳር የወጣችሁ፣ ተራውን እንዴት ተስማማችሁ? ምን ብላችሁ ጀመራችሁት? ለሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን፣ ወደ አንገቱ የማይሸሽ ላይፍ ጃኬትስ አዲስ አበባ የት አገኛችሁ? ክንድ ላይ የሚጠለቀውን፣ በአፍ የሚነፋውን አላምነውም፤ ባለፈው ሾልኮበታል። የምንሄደው ቅዳሜ ነው።