የተነፉ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮዎች ተወረሱብኝ፤ ብሬን ከማን ልጠይቅ?

ባለሱቋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ አራዳ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ለጾም ብዬ ካስገባሁት የታሸገ አተርና ፎሶልያ ትናንት ተቆጣጣሪዎች መጥተው 3 ካርቶን ወሰዱ። ብዙዎቹ አናታቸው ተነፍቷል፤ አልክድም። ግን የመጠቀሚያ ጊዜው ገና ነው! ያለ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላሉ? ከአከፋፋዩስ ብሬን አስመልሳለሁ? ያልተነፋ 1 ካርቶን ተርፎኛል፤ ባለቤቴ «አፍልተን እንብላው» እያለ ነው።

የአዘዞው፦ ቀኑን በደንብ አይተሽዋል? በፈረንጅ ነው የሚጻፈው። ጎረቤቴ 2025 የሚል አይቶ «ገና 8 ዓመት አለው» ብሎ ደርድሮት ነበር።

ባለሱቋ፦ ኧረ እሱንስ አውቃለሁ። በፈረንጁም አላለፈም።

ሕግ ነክ፦ ይችላሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለተቆጣጣሪ ይህን ሥልጣን ይሰጠዋል። (አሜሪካ ቢሆን በ1938 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕጋቸው መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዶ ዕቃውን ራሱን ይከሳል። ተከሳሹ አተር ነው!) ለተነፋ ቆርቆሮ ግን አትሟገቺ፤ ትረቺያለሽ። ወረቀቱን ያዢ። የምርቱ ስም፣ የባች ቁጥሩ (የምርት ዙሩ መለያ)፣ ብዛቱ፣ የተያዘበት ምክንያት፣ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። ያለዚያ አከፋፋዩ «የኔ ዕቃ አይደለም» ይልሻል። በፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ዛሬውኑ በጽሑፍ አድርጊው። ደረሰኝ አለሽ አይደል?

የማራኪዋ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽን በእመብርሃን አስቁሚው! እኔ የተማርኩት ምግብ ሳይንስ ነው። አተርና ፎሶልያ አሲዳቸው ትንሽ ነው፤ አየር በሌለበት ቆርቆሮ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ይመቸዋል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቀምሶ መፈተን የለም። የባክቴሪያውን ዘር (ስፖር) ለመግደል ፋብሪካ በግፊት እስከ 121 ዲግሪ ያሞቃል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ድስትሽ ውስጥ ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የተነፋ ሁሉ ይህ መርዝ አለበት ማለቴ አይደለም፤ ስፌቱ አፍስሶም፣ ሙቀት በዝቶበትም ይነፋል። የቀረው ካርቶን ባቹ አንድ ከሆነ አትሽጪውም፣ አትብሉትም። ለመሆኑ ዕቃውን የት ነው የምታስቀምጪው?

ባለሱቋ፦ ጓዳ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀትር ላይ ምጣድ ነው የሚሆነው።

ሕግ ነክ፦ አከፋፋዩ መጀመሪያ የሚይዝሽ በዚያ ነው። ስትረከቢ ያየሽው እንከን ነበረ?

ባለሱቋ፦ ሁለት ካርቶን ተጨምቆ ነበር፤ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ሹፌሩን አስፈርሜዋለሁ።

ሕግ ነክ፦ ጎበዝ! ፎቶ አንሺና ከደብዳቤው ጋር ላኪለት።

ባለሱቋ፦ የትናንቱ ወረቀት የባች ቁጥር የለውም፤ ጠዋት ሄጄ አስጽፋለሁ። የቀረውንም ካርቶን ይዤላቸው እሄዳለሁ። ባለቤቴ አኩርፏል።